ሦስተኛው ሲሊንደር

ሙከራው ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሩቲ ድምፁን ሰማችው።

መጀመሪያ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የመጣ መሰላት። የሸጎሌ ከብት ተራ የገበያ ቀኑ ነበር፤ በሬ ያገሳል፣ ደላላ ይጣራል፣ ፍየል የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ይሄኛው ግን ከዚያ አልነበረም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። አንድ ሰው በጣቱ አንጓ ወፍራም የእንጨት በር የሚያንኳኳ ይመስላል፤ ከሞተሩ ጩኸት ሥር፣ ከሆዱ ውስጥ።

ጄኔሬተሩ በግቢው መሀል ሲሚንቶው ላይ ቆሟል። ከወታደር ካምፕ በጨረታ የወጣ፣ ቁመቱ እስከ ሩቲ ትከሻ የሚደርስ፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈ የብረት ሰሌዳ የተለጠፈበት ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ማሽን ነው። አረንጓዴ ቀለሙ በየቦታው ተልጧል። ከጎኑ አሥራ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ሁሉም እንደ ፍም ቀልተዋል። ምንም አልተጣደባቸውም፤ ሥራቸው ማሽኑ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ መብላት ብቻ ነው። «ሸክም ያልቀመሰ ማሽን አይታመንም» ይላል አባቷ። ስለዚህ ከዚህ ግቢ የሚወጣ ጄኔሬተር ሁሉ አራት ሰዓት ሙሉ ምድጃዎቹን ይቀልባል።

አባቷ ዋቅቶላ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የሰሌዳውን መርፌዎች ያያል። ሩቲ እንደ ሁልጊዜው ከኋላው ናት፤ ቀኝ እጇ ትከሻው ላይ። ለሚያያቸው ሰው አባቷን የምትወድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ እውነትም ትወደዋለች። እጇ ግን ለፍቅር ብቻ አይደለም እዚያ ያለው። በጣቷ አንዴ መታ ካደረገችው «ደህና ነው» ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ «የሆነ ነገር አለ» ማለት ነው።

ሁለቴ መታ አደረገችው።

ዋቅቶላ ዞር ብሎ አያት። ሩቲ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ «ያንኳኳል።»

ከፊታቸው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የአባቷ ሸሪክ ጋሽ ሙዘይን ነው፤ ጨረታ ገብቶ አሮጌ ማሽን የሚገዛውም፣ ደንበኛ የሚያመጣውም እሱ ነው። ሌላዋ ሲስተር ደሳለች፣ ከሱሉልታ አልፎ ገጠር ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተነፍሱበት ኦክስጅን ማሽን አብሮ ስለሚቆም፣ ጤና ጣቢያው ይህን ጄኔሬተር ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቋል።

ዋቅቶላ ከኪሱ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን የሞተሩ ጎን ላይ፣ እጀታውን መንጋጋው ሥር አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ዓይኑን ሲገልጥ ጋሽ ሙዘይን አፉን እያንቀሳቀሰ ነበር። «ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት ነው?» ነበር ያለው። ደንበኛ ፊት ሁልጊዜ በማዕረጉ ነው የሚጠራው።

«እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው» አለ ዋቅቶላ።

«እልል በሉ!» አለች ሲስተር ደሳለች እየሳቀች። «በቃ ነገ በሦስት ሰዓት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ።»

የሩቲ እጅ ከአባቷ ትከሻ ላይ ወረደ።

*

ዋቅቶላ ሃያ ስድስት ዓመት በመከላከያ የመገናኛ ክፍል ውስጥ ጄኔሬተር ሲጠግን ኖሯል። ድንኳን ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ጭነት መኪና ላይ፣ ሌሊትና ቀን ከሚጮህ ናፍጣ ሞተር አጠገብ። ያኔ ጆሮውን የሚሸፍንበት ነገር የሰጠው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ጡረታ ሲወጣ የሚያውቀው ሥራ ይኸው ብቻ ነበርና ከጋሽ ሙዘይን ጋር ተሸረከ። ለዓመታት ሸራ ለብሰው የቆሙ ማሽኖችን ያመጣሉ። ታንከሩ ውስጥ ጭቃ የሆነውን ናፍጣ ይቀዳሉ፣ እርጥበት የገባበትን የመዳብ ሽቦ በአምፖል ሙቀት ያደርቃሉ፣ አይጥ የበላውን ኬብል ይቀይራሉ፣ ከዚያ እንደገና ነፍስ ይዘሩባቸዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሩቲ ሰባተኛ ክፍል እያለች፣ ምሳ አምጥታለት ከኋላው ሦስት ጊዜ ጠራችው። አልዞረም። ሞተር አልተነሳም ነበር፤ ግቢው ጸጥ ያለ ነበር። አራተኛውን ስትጠራው ዞረና ፊቷን አየ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ገባቸው።

«ለማንም አትንገሪ» አላት። «የማይሰማ መካኒክ ማለት የማያይ ሹፌር ማለት ነው።»

አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ግቢው ነው። መጀመሪያ ጆሮው ብቻ ነበረች። ቆይቶ ግን «ይሄ ምንድን ነው? ያ ለምንድን ነው?» ማለት ጀመረች፤ እሱም እያስተማራት ሄደ። ዛሬ ሩቲ የናፍጣ መስመር ውስጥ የገባ አየር ታወጣለች፣ ፊልትሮ ትቀይራለች፣ የትኛው ቫልቭ እንደላላ በድምፁ ትለያለች። ሥራውን ወዳዋለች። ምስጢሩን ግን አትወደውም።

*

«ሁለቴ ነው የመታሽው» አለች ጀዊሪያ።

ወደ ዊንጌት የሚወስደውን መንገድ ይዘው በእግራቸው እየወረዱ ነበር። ጀዊሪያ የጋሽ ሙዘይን ልጅ ናት፤ ከሩቲ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ። የመንፈቅ ዓመት እረፍት ስለሆነ እሷም ግቢው ውስጥ ትውላለች፤ በየሩብ ሰዓቱ መርፌዎቹ ያሳዩትን ደብተር ላይ የምትመዘግበው እሷ ናት።

ሩቲ ደንግጣ ቆመች። «ምን?»

«ትከሻውን። አንዴ ሲሆን ደህና ነው፣ ሁለቴ ሲሆን ችግር አለ። አትፍጠጪብኝ፣ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ነው ያወቅኩት። ጋሽ ዋቅቶላ አይሰሙም አይደል?»

«ላባትሽ ነግረሻል?»

«ወላሂ አልነገርኩም። ግን አባቴ ጅል መሰለሽ? የሆነ ነገር ጠርጥሯል። ስብሐት ከሚባል ወጣት መካኒክ ጋር ስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።» ጀዊሪያ ሻርፗን አስተካከለች። «እሱን ተዪው። ዛሬ ምን ሰማሽ?»

«ያንኳኳል። ከታች። ከሞቀ በኋላ ነው የሚመጣው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ላይሰማ ይችላል፤ ዝቅ ያለ ነው። የዘይቱ ግፊትስ? ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ጀዊሪያ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠች። ቁጥሮቹ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ወርደዋል። መርፌው ከአረንጓዴው መስመር አልወጣም፤ ግን አቅጣጫው ወደ ታች ነው።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ጀዊሪያ። «ብትናገሪ፣ አባትሽ ‹እንደ ሰዓት ነው› ካሉ በኋላ ውሸታም ልታደርጊያቸው ነው። ዝም ብትዪ ደግሞ...» አልጨረሰችውም።

«ደግሞ ምን?»

«እኔ እንጃ። በቃ እንኳን አንቺን አልሆንኩ።»

*

ሩቲ ቤት ስትደርስ እናቷ የመዘምራን ልምምድ ሄዳለች። ዋቅቶላ እጁን በሳሙናና በናፍጣ ታጥቦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሩቲ ልትጮህለት አልፈለገችም፤ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አለ። የሒሳብ ደብተሯን ከፍታ ጻፈችና ገፋ አደረገችለት።

«ያንኳኳል። ሦስተኛው ሲሊንደር ይመስለኛል።»

«ንዝረቱን በካቻቢቴው አይቼዋለሁ» አለ። «ምንም የለውም።»

«ላይኛው ጎን ላይ ነው ያስደገፍከው። ድምፁ ከታች ነው» ብላ ጻፈች።

«ሞተሩን ከፍተነው የለም እንዴ? አብረን አይደለም የላይ ክዳኑን፣ ቴስታታውን፣ ያወረድነው?»

«ከላይ ብቻ። ሆዱን አልከፈትነውም።»

ዋቅቶላ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «የሥራ ሰዓት ቆጣሪው አራት መቶ ሰዓት ነው የሚለው። አራት መቶ ሰዓት ብቻ የሠራ ሞተር ሆዱ አይከፈትም።»

ሩቲ እርሳሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ቆጣሪው ተቀይሮ ቢሆንስ?»

አባቷ ደብተሩን ዘጋው። በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው።

«ስሚኝ ሩቲ። ሙዘይን ሌላ መካኒክ እያፈላለገ መሆኑን አውቃለሁ። ነገ ሄጄ ‹ሞተሩ ያንኳኳል› ብለው፣ ‹ትናንት እንደ ሰዓት ነው አላልክም? በአንድ ሌሊት ማን ሰማው?› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ሩቲ ደብተሩን መልሳ ልትከፍተው እጇን ዘረጋች።

«ነገ ይጫናል» አለ።

*

በማግስቱ የጭነት መኪናው ከሦስት ሰዓት በፊት ደረሰ። ሹፌሩና ረዳቱ የማንሻውን ሰንሰለት እያዘጋጁ ነው። ጋሽ ሙዘይን ወረቀቶቹን ይዞ ወዲህ ወዲያ ይላል። ዋቅቶላ ኬብሎቹን እየጠቀለለ ቀና ብሎ ማንንም አያይም።

ሩቲ የመኪናው ጥላ ሥር ቆማለች። እስካሁን ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ «አባዬ ያለው ይሁን» ብላ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆና ደግሞ «አይ፣ እናገራለሁ» አለች። እዚህ ስትደርስ ሁለቱንም ረሳቻቸው።

ሲስተር ደሳለች በአጠገቧ ስልክ ታወራለች።

«...አዎ፣ ልንጭነው ነው። ማታ ይሰካል። ስንት መጣ የሕፃኗ ክብደት? አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ? አይዟችሁ። አይ፣ አይ፣ ወደ አዲስ አበባ አትላኳት፤ መንገዱ ይጎዳታል። እዚያው አቆዩአት። አሁን እኮ ጄኔሬተር አለን!»

ስልኩን ዘግታ ለሩቲ ፈገግ አለችላት።

ሩቲ ከጥላው ወጣች። ሰንሰለቱ የማሽኑ ጆሮ ላይ ሊገባ ሲል በሹፌሩና በጄኔሬተሩ መሀል ቆመች።

«ጋሽ ሙዘይን፣ አይጫን።»

«ምን አልሽ?»

«አይጫን። ሞተሩ ያንኳኳል። ትናንት ነው የሰማሁት። ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሹፌሩ ሰንሰለቱን እንደያዘ ቀረ። ሲስተር ደሳለች ከሩቲ ወደ ጋሽ ሙዘይን፣ ከጋሽ ሙዘይን ወደ ማሽኑ አየች። ጀዊሪያ ከቢሮው በር ላይ ብቅ ብላ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ጋሽ ሙዘይን ወደ ዋቅቶላ ዞረ። ዋቅቶላ ኬብል ሊያነሳ አጎንብሶ ነበርና ጀርባው ነው የሚታየው። «ሃምሳ አለቃ፣ ልጅህ የምትለውን ሰምተሃል? ሞተሩ ያንኳኳል ወይስ አያንኳኳም?»

መልስ የለም። ዋቅቶላ ቀና ሲል የሁሉም ዓይን እሱ ላይ መሆኑን አየ። የሆነ ጥያቄ እንዳመለጠው ገባው። ወደ ልጁ አየ፤ የሚጠብቀው እጇን ነው፣ አንድ ምልክት። ሩቲ አጠገቡ ነበረች። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ትከሻውን መንካት ትችል ነበር። እንደ ሁልጊዜው ይሸፈናል፤ «አዎ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል፤ ማንም አያውቅም። ግን ማንም ካላወቀ፣ ነገም ሌላ ማሽን ላይ እንዲሁ ይቆማሉ፤ እሷ ፈተና ላይ የሆነች ቀን፣ እሷ የታመመች ቀን ደግሞ ማን አጠገቡ ይቆማል?

እጇን አላነሳችም።

«ጋሽ ሙዘይን» አለች። «ፊት ለፊት ቆመው፣ ቀስ ብለው ይንገሩት። ከኋላ ሲያወሩት አይሰማም።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ በሬ አገሳ። ጋሽ ሙዘይን ሄዶ ዋቅቶላ ፊት ቆመ፤ ወረቀቶቹን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ «ሞተሩ... ያንኳኳል... ወይ?» አለው።

የዋቅቶላ ፊት ቀላ፤ ከዚያ ገረጣ። ሩቲን አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ዕንባዋ መጥቶ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«አላውቅም» አለ ዋቅቶላ በመጨረሻ። «እሷ ያንኳኳል ካለች ያንኳኳል።»

*

ምድጃዎቹን መልሰው ሰኩ። ሞተሩ ተነሳ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ምንም የለም። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ። «ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችን» ሲል ሩቲ ሰማችው። ሦስተኛው ሰዓት ሊሞላ ሆነ። ሞተሩ በደንብ ሞቀ፣ ዘይቱ ቀጠነ።

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

«መጣ» አለች።

ጋሽ ሙዘይን ጆሮውን አስጠግቶ ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ እንጃ... የሆነ ነገር ያለ ይመስላል፤ ደግሞ የለም።»

«ቆይ አሳይዎታለሁ።»

ሩቲ የዓይን መከላከያ መነጽሯን አጠለቀች፣ ቁልፍና ጨርቅ ያዘች። ከዚያ አባቷ ዘንድ ሄዳ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣችና ጫፉን የሞተሩ ጎን ታችኛው ክፍል ላይ፣ የትናንቱ ቦታ ሳይሆን ከዚያ ሁለት ስንዝር ዝቅ አድርጋ፣ አስቀመጠችው። እጀታውን ወደ እሱ አዞረች። ዋቅቶላ ተንበርክኮ መንጋጋውን አስደገፈ።

አራት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ናፍጣ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይወስዳሉ። የአንዱን ማሰሪያ በትንሹ ላላ ካደረጉት ያ ሲሊንደር ናፍጣ አጥቶ ያርፋል፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። ማንኳኳቱ የእሱ ከሆነ አብሮ ያርፋል። ይህን ያስተማራት ራሱ ዋቅቶላ ነው።

የመጀመሪያውን አላላች። ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ዱብ፣ ዱብ። አጠበቀችው። ሁለተኛውን አላላች፤ ዱብ፣ ዱብ። አጠበቀችው። ጨርቁ በናፍጣ ርሶ እጇ ያዳልጣል። ሦስተኛውን ያዘች። ቁልፉን ሩብ ዙር ስታዞረው ከሞተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ጸጥ አለ። ሳይጠፋ ያልሰሙት ሰዎች ሲጠፋ ሰሙት። ሹፌሩ ሳይቀር ቀና አለ።

«ቆመ!» አለች ጀዊሪያ ከኋላ።

ግን ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው ዋቅቶላ ነበር። ዓይኑን እንደጨፈነ፣ መንጋጋው ካቻቢቴው ላይ እንዳለ፣ «ጠፋ» አለ። «መልሰሽ አጥብቂው።» አጠበቀችው። «መጣ። ሦስተኛው ነው።» ዓይኑን ገለጠ። «ሩቲ፣ ሞተሩን አጥፊው።»

ከሰዓት በኋላ ሆዱን ከፈቱት። ከሞተሩ የቀዱት ዘይት ውስጥ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ነበር። ዋቅቶላ ሦስተኛውን ቢየላ፣ ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ፣ ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ብሮንዝ አወጣ፤ ዘንጉ እንዳይፋተግ የሚያቅፈው ቀጭን ቅስት ብረት ነው። ለስላሳ መሆን የነበረበት ገጹ ተላልጦ ቀይ መዳቡ ወጥቷል፤ አንዱ ጫፉ ተሰንጥቋል። መዳፉ ላይ አድርጎ ለሲስተር ደሳለች አሳያት።

«ይሄ ለስንት ጊዜ ይሠራ ነበር?» አለች።

«ሃያ ሰዓት። ቢበዛ ሠላሳ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብረቱ ይሰበርና የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል።»

ሲስተር ደሳለች ራቅ ብላ ሄዳ ስልክ ደወለች። «ሕፃኗን ላኳት» ስትል ተሰማ። «አዎ፣ በአምቡላንስ፣ አሁኑኑ። ኦክስጅኑን ሞልታችሁ፤ እናቷ ደረቷ ላይ ትያዛት።»

ጀዊሪያ የሰዓት ቆጣሪውን እያገላበጠች ነበር። «ጋሽ ዋቅቶላ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ አስታውሳ ዞራ ፊቱ ቆመች። «ይዩት፣ ብሎኖቹ የሌላ ናቸው።»

እውነትም የሌላ ነበሩ። ቆጣሪው ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የተገጠመ ነው። ዋቅቶላ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ማየት ጆሮ አይፈልግም ነበር» አለ። «ዓይን ነበረኝ። ስለቸኮልኩ ነው። ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ማሽን አሥር ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ የእኔን ትንሿን ጄኔሬተር ውሰጂ፤ ሁለት ኦክስጅን ማሽንና መብራት ትችላለች። ቤቴን የማበራባት ናት፤ ሦስት ዓመት አውቃታለሁ።»

ሲስተር ደሳለች ራሷን ነቅንቃ ፈቃዷን ሰጠች፤ ፈገግታዋ ግን ያን ቀን አልተመለሰም። ትንሿ ጄኔሬተር ትልቁ መኪና ላይ ብቻዋን ተጭና ስትሄድ ታሳዝን ነበር።

*

ጋሽ ሙዘይን ለሁለት ቀን ዋቅቶላን አላናገረውም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን በልተን» አለ። «ከእኔ ትደብቀዋለህ?»

«ትተወኛለህ ብዬ ነው።»

«እተውህ ነበር ወይ አልተውህም፣ እሱን አሁን አላህ ነው የሚያውቀው።» ጋሽ ሙዘይን ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «ስብሐት ሰኞ ይጀምራል። ካንተ ጋር፣ ባንተ ፋንታ አይደለም። ልጁ ጥሩ ጆሮ አለው ይላሉ፤ እጁ ግን ገና ነው። አስተምረው። አንተም ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ካልሄድክ እኔ ነኝ ጎትቼ የምወስድህ።»

ከጤና ጣቢያው ለሩቲ መልእክት የደረሳት የዚያን ቀን ነው። ሕፃኗ አዲስ አበባ በደህና ደርሳለች፤ ክብደቷ ሃምሳ ግራም ጨምሯል። ሩቲ ለአባቷ ስልኩን አሳየችው። አነበበና ስልኩን መለሰላት። ስለዚያ ጠዋት እስካሁን አንድም ቃል አልተነጋገሩም ነበር።

«ተቆጥተኸኛል?» አለችው፤ ፊቱን እያየች።

«ያን ቀን በጣም» አለ። ካቻቢቴውን በጨርቅ መወልወሉን ቀጠለ። «ማታ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ።»

*

ሐሙስ ጠዋት የሆስፒታሉ የጆሮ ክፍል ተራ ጠባቂ ሞልቶበታል። ዋቅቶላ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ግን አልለቀቀም።

ወጣቷ ነርስ ካርዱን አገላብጣ፣ ቀና ሳትል፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው መስማት የቀነሰው?» አለች።

ሩቲ «ሁለት ዓመት» ልትል አፏን ከፈተች።

«እህቴ» አለ ዋቅቶላ። «ስታወሪ ፊትሽን ወደ እኔ አድርጊልኝ፤ እንደሱ ካልሆነ አይገባኝም።»

ነርሷ ይቅርታ ጠይቃ ቀና አለችና ጥያቄውን ደገመችለት።

«ስድስት ዓመት» አለ።

ሩቲ ዞራ አየችው። ስድስት ዓመት። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ነበር የምታስበው፤ ከሁለቱ ዓመት በፊት ለአራት ዓመት ግን ብቻውን ነበር የያዘው። እሱ አላያትም። ነርሷ ስትጽፍ እስክሪብቶዋን ነበር የሚያየው።

«መልካም። አሁን ምርመራ ክፍል ይገባሉ። ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ እናደርጋለን፤ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያነሳሉ፣ ካልሰሙ አያነሱም።» ነርሷ ወደ ሩቲ አየች። «አንቺም አብረሻቸው መግባት ትችያለሽ።»

ዋቅቶላ ብድግ አለ። ወፍራሙን በር አየ፤ ከዚያ ልጁን።

ሩቲ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ነበር። ለአንድ አፍታ እንዳጎነበሰች ቆየች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ አደረገች።

«እዚህ እጠብቀዋለሁ» አለች ነርሷን። «ብቻውን ይችላል።»

አባቷ ኮቱን አስተካከለና ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።